በበጀት ውስጥ ለቅሶ የለም

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ የኛ ሰው ሲያጋጥመኝ «ዒሪያ» ብዬ ላልፍ እሞክራለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ማለቴ ነው። አይሆንም። የጎንደር ሰው በግማሽ መልስ አይለቅም። እዚያስ ታጸጃለሽ ወይስ ትጽፊያለሽ? እጽፋለሁ። ምን ትጽፊያለሽ? በጀት። ያን ጊዜ ፊታቸው ይበራል፤ ገንዘቡን የያዝኩት እኔ እመስላቸዋለሁ። አንዲት እናትማ አሚሻቭ በሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ክንዴን ጨብጠው ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለው መከሩኝ። ምን የሚበላ አለና! የያዝኩት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የኔ አይደለም።

የምኖረው ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኔቬ ኦዝ ሰፈር ነው። የምሠራበት ዒሪያ ግን የፔታህ ቲክቫ አይደለም። በአውቶቡስ የማይርቅ የአንድ ትንሽ ከተማ ነው፤ ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉዎች ስላልሆኑ ላሳጣቸው አልፈልግም። ከኢትዮጵያ ስንመጣ ያሰፈሩን እዚያ ነው፣ ያደግሁትም እዚያ ነው። አባቴ ዛሬም በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ሦስተኛ ፎቅ ናቸው።

ሰው ከተማ የሚኖረው ነዋሪው በሚከፍለው የቤት ግብር ይመስለዋል። እኔም ሥራ እስክገባ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አርኖና የሚሉት ይህ ግብር የሚሰላው በካሬ ሜትር ነው፤ መኖሪያ ቤት የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ለራሱ ቆሻሻ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለደጁ መብራት እንኳ አይበቃም። ከተማን የሚያጠግቡት ፋብሪካና ቢሮ ናቸው። በካሬ ሜትር ብዙ ይከፍላሉ፣ መዋዕለ ሕፃናት የሚላክ ልጅ ደግሞ የላቸውም። ፔታህ ቲክቫ በዚህ ታድላለች፤ አባቴም ጡረታ እስኪወጡ ወለል የጠረጉት ከፋብሪካዎቿ ባንዱ ነው። የኛ ትንሽ ከተማ ጥቂት ሱቅና አንድ የጋራዥ ሰፈር አላት፤ የቀረው የሰው መኝታ ቤት ነው። ግብሩን እንዳሻት እንዳትጨምር መንግሥት ይይዛታል። የዓመቱ ጭማሪ ተሰልቶ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ሚኒስቴር ደጅ ይጥና።

ስለዚህ የኛ ሥራ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። በሙቀቱ ወራት እያንዳንዱ ክፍል ለሚመጣው ዓመት የሚያስፈልገውን ጽፎ ይልካል፤ አምስት የሚፈልግ አሥር ይጽፋል፣ እኛም አሥሩ አምስት መሆኑን እናውቃለን። ከበዓላቱ በኋላ ጊዝባሩ፣ ማለት የከተማዋ ገንዘብ ኃላፊ፣ እያንዳንዳችንን ይዞ መስመር በመስመር ይወርዳል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ እጅ ያወጣል። ለኔ የተሰጠኝ የማኅበራዊ ጉዳይ መስመሮች ናቸው፤ ችግረኛ፣ አካል ጉዳተኛ፣ አረጋዊ።

ከአረጋውያን መስመሮች አንዱ የኛ ሽማግሌዎች ክፍል ነበር። ምድር ቤት ያለ፣ ዒሪያው የተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ አሥራ አምስት ወንበር፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ ማፍያ፣ ግማሽ ቀን የምትቀጠር አንዲት አስተባባሪ። ሌላ ምንም የለውም። አባቴ ግን በሕይወት ያሉት በዚያ ክፍል ነው ብል አላጋነንኩም። እናቴ ከሞተች በኋላ አፋቸው ተዘጋ። እኔ ስሄድ «ደህና ነኝ» ብለው ያበቃሉ፤ ልጆቼ በዕብራይስጥ ሲያወሯቸው ፈገግ ይላሉ፤ ምግቡ በሳህኑ ላይ ይደርቃል። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላቸው። የአስተባባሪዋ እናት መጥተው እየጎተቱ ወደ ክፍሉ ባይወስዷቸው ኖሮ ዛሬ ከእናቴ ጎን ነበሩ። እዚያ ሲገቡ የአገራቸውን ወንዝ የሚያውቅ ሰው፣ በሱዳን መንገድ አብሯቸው የተጠማ ሰው አገኙ። በሁለተኛው ወር ደውለው ሩብ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፤ ስለ አንድ በቅሎ ነበር፤ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዒሪያው ገንዘብ የሚሰጥበትን ቦታ ሁሉ የምታይ ተቆጣጣሪ አለችው፤ ያየችውን ከመጻፍ በቀር ሌላ ነገር የማታውቅ ቀና ሴት ናት። በዚያ ዓመት ክፍሉን ሁለት ጊዜ አይታው ሁለት ጊዜም ዝግ ነበር። ሪፖርቱ ወደኔ የመጣው ገና በበጋ ነው። «ዝግ። ተጠቃሚ የለም።» ከስሩ ክፍሉ የተዘጋበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ በዓል፣ ጥገና፣ የሠራተኛ ሕመም ይላል፤ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሦስቱም ባዶ ነበሩ።

ምክንያቱን አውቅ ነበር። ለቅሶ ነው። ከኛ አንድ ሰው ሲሞት ሽማግሌ ሁሉ ይነሣል፤ ሟቹ አሽዶድ ይሁን አፉላ ግድ የለም። የለቅሶውን ሰባት ቀን ሙሉ እየተመላለሱ ይቀመጣሉ፤ አስተባባሪዋም ቁልፏን ይዛ አብራቸው ትሄዳለች፤ የነሱ ልጅ ናትና እሷ ቀርታ ማን ሊሄድ! ያ ትውልድ ደግሞ እየረገፈ ነው። በዚያ ዓመት ለቅሶው እግር በእግር ነበር።

ይህን በአንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም። በዚያ ፎቅ ላይ ከኛ ሰው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ገና በመጀመሪያው ዓመቴ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ በሳቅ «አንቺማ ለወገኖችሽ ታደያለሽ» ብላኝ ነበር፤ ሳቋ ከቆዳዬ አልወጣም። ስለዚህ የኛን ሰው በሚመለከት ነገር ሁሉ አፌን እዘጋለሁ፤ ንጹሕ የሆንኩ እየመሰለኝ። ሪፖርቱን ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስገባሁና ዝም አልኩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ? የጠማው ዝም ብሎ ከሆነስ ማን ያዝንለታል?

ከበዓላቱ በኋላ ጊዝባሩ መስመሩ ላይ ደረሰ። ኪፓ የሚሏትን የሃይማኖተኛ ቆብ የሚያደርግ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሒሳብ ሲቀንስ የሚያመው ሰው ነው። ሪፖርቱን አነበበና ሰው ለማይገባበት ክፍል ኪራይ ልከፍል አልችልም አለ። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሰው አለ፣ ሞልቶ ነው፣ አባቴ እዚያ ናቸው አልኩት። ለምን ዝግ እንደነበረ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስረዳሁም። እሱ ትንሽ አሰበና በሰደር፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ተቆጣጣሪዋ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ ትመለሳለች፤ ሰው ካገኘች መስመሩ ይቆያል አለኝ። ቀኑን ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ነገረኝ።

ያንኑ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ አባቴ ሄድኩ። ማክሰኞ ሁላችሁም ኑ፣ ወንበር ሙሉ፣ የታመመም በምርኩዝ ይምጣ አልኳቸው። አባቴ ኮታቸውን ለብሰው በር ለበር ዞሩ። በነጋታው ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሽማግሌዎቹ አሾፉብኝ፤ አንዱ ሙሽራ ልትሰጪን ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ ሌላው ለቆጣሪዋ ጥርሴን ላሳያት ወይ አሉ። ሳቅን። አባቴም ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። አሚሻቭ አንዲት አሮጊት ሞተዋል፤ ቀብሩ ነገ ረፋድ ነው። እኚህ ሴት የማንም ዘመድ አልነበሩም። ባላቸውና ልጆቻቸው ሱዳን መንገድ ላይ ሞተው ቀርተዋል፤ እዚህ የሚቀብራቸው ከጎረቤት በቀር የለም። አባቴ ይህን ሁሉ በዝግታ ነገሩኝና አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁኝ።

ነገ ማክሰኞ ነው አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። እንግዲያው ግማሹ ይሂድ ግማሹ ይቅር አልኩ፤ አሥር ሰው፣ አምስት ሰው፣ ሦስት። የቸርቻሪ ድርድር ሆነብኝ። አባቴ በአንዱም አልተስማሙም። በመጨረሻ ተናደድኩ፤ በሕይወቴ ለአባቴ ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኩ።

«አባ፣ የሞቱት ሴትዮ ማን መጣ ማን ቀረ አያውቁም። ክፍሉ ግን ይዘጋል። ከዚያ እርስዎ የት ሊቀመጡ ነው?»

«ልጅ ያለው ሰው በጥቂት ሰው ይቀበር ይሆናል» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልከረረም። «እሷን ከኛ በቀር ማን ያልቅስላት? እኔ ለመቆጠር ወንበር ላይ ልጎለት?»

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ባሌ ምነው አለኝ፤ አባቴ ግትር ናቸው አልኩት። ሌሊቱን በሙሉ ግትር ግትር ስል አነጋሁ። እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት እሳቸው ትክክል ስለሆኑ ነው።

ጠዋት ጊዝባሩ ቢሮ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ ገባሁ። ለአንድ ቀን አስተላልፍልኝ ብዬ ለመንኩት። ለምን አለ። ለቅሶ ሄደዋል፤ ሁሉም፤ ባለፉት ሁለት ጊዜያትም ለቅሶ ላይ ነበሩ አልኩት፤ እንዴት እንደሆነ፣ ለምን ሰባቱን ቀን እንደሚቀመጡ፣ ሁሉንም አወጣሁት። ሲሰማኝ መነጽሩን አውልቆ ይዞ ነበር። በነሱ ዘንድ ቤተሰብ ያልሆነ ሰው ከሰባቱ ቀን በአንዱ ጎራ ብሎ እንደሚወጣ ነገረኝ። ከዚያ ሪፖርቱን አገላብጦ አየው።

«ይህን በበጋ ብትነግሪኝ ኖሮ እጽፈው ነበር» አለኝ። «አሁን ረቂቁ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል። አንድ ቀን እንኳ የለኝም።»

ተቆጣጣሪዋ በሰዓቷ ሄዳ በሰዓቷ ተመለሰች። ዝግ። ጊዝባሩ ቃሉን አላጠፈም፤ ያለውን አደረገ። መስመሩ የኔ ስለሆነ ዜሮውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ቁጥር፤ ተጫንኩት፣ ታየ፣ ወደሚቀጥለው መስመር ወረድኩ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይላሉ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ይሄንኑ ነው። አባቴ ከቀብር ተመልሰው ነገሩ እንዴት ሆነ ሲሉኝ ምክር ቤቱ እጅ እስኪያወጣ ድረስ ምንም አልተወሰነም አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ምክር ቤቱ ከፈለገ መስመር መመለስ ይችላል። እንደማይመልስ ግን አውቅ ነበር። አባቴም እንግዲያው እጁ ከወጣ ተፈቀደ ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ እጅ ከወጣ በጀቱ ጸደቀ ማለት ነው አልኩ። መንገር ፈርቼ ያልኩት ይህን ነበር።

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ግን ማንም አይመጣም፤ ከመጣም ስለ መኪና ማቆሚያ የሚጮህ ሰው ነው። ያን ቀን አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቀድመውኝ ኋለኛውን ረድፍ ሞልተውታል። ወንዶቹ ኮትና ባርኔጣ፣ ሴቶቹ ነጠላ። ማንም አልጠራቸውም። አባቴ «በጉዳያችን ሲመክሩ ቁጭ ብለን ልናይ ይገባናል» ብለው አምጥተዋቸዋል። ሰላም ስላቸው አንዲት እናት ጉንጬን ስመው ልጃችን እኮ እዚያ ናት አሉ፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

ጊዝባሩ ማንበብ ጀመረ። ዕብራይስጡ ፈጣን ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ አርኖና ከመኖሪያ፣ አርኖና ከንግድ። የአረጋውያን መስመሮች በአንድ ትንፋሽ አለፉ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ስለ ጋራዥ ሰፈሩ ተነጫነጨ። ከዚያ ከንቲባው ማን ይደግፋል አለ፤ እጆች ወጡ፤ የተነጫነጨው ሰው እንኳ ኋላ ላይ አወጣ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተጣላም።

ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። በነሱ ቤት ሁሉም እጅ ወጥቷል፤ እንግዲህ ክፍሉ ተፈቀደ። አንዱ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ፤ ዕድሜ ይስጣችሁ፣ ደጃችሁ አይዘጋ፣ ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ። ሌሎቹ አሜን፣ አሜን አሉ። ከንቲባው ምን እንደሆነ ባይገባውም ምርቃት መሆኑ ገብቶት ተነሣ፤ አባላቱም አንድ በአንድ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ወደፊት ወጥተው እጃቸውን በሁለት እጅ እየጨበጡ ጎንበስ አሉላቸው። አንዷ የምክር ቤት አባል ዓይኗን ጠረገች። ጊዝባሩ ብቻ አልተነሣም። አንገቱን ወደ ወረቀቱ ደፍቶ ቆየና በስተመጨረሻ ወደኔ ዞረ።

«አልነገርሻቸውም?» አለኝ በሹክሹክታ።

ደጅ ስንወጣ ይዘንብ ነበር። ሽማግሌዎቹ አውቶቡስ ማቆሚያው ጣራ ሥር ተጠጋግተው እየሳቁ ነበር። አባቴን በክንዳቸው ይዤ ትንሽ ራቅ አደረግኋቸው።

«አባ፣ የጸደቀው በጀቱ ነው። የእናንተ ክፍል ውስጡ የለም። ዜሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከባርኔጣቸው ጠርዝ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው ተመለከቱ።

«ዛሬ አንነግራቸውም» አሉ። «ደስ እንዳላቸው ይግቡ።»

አውቶቡሱ መጣ። አባቴ አብረዋቸው ገቡ፤ በመስኮቱ በኩል አየኋቸው፤ አንዱ አንድ ነገር ሲሏቸው አብረው ሲስቁ። በነጋታው ራሳቸው ክፍሉ ውስጥ ቆመው ነገሯቸው። እኔ አልነበርኩም። ማንም ስሜን በክፉ አላነሣም ብላ አስተባባሪዋ ነገረችኝ፤ ያን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ። በሚቀጥለው በጀት መስመሩን ለመመለስ ጠየቅሁ፤ በዚህ ጊዜ አፌን ሞልቼ፣ የሥራ ባልደረባዬ የፈለገችውን ትበል ብዬ። በሌለ መስመር ላይ መጨመር ካለው ላይ ከመቀነስ አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ አልሆነም። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ከሦስቱ ምክንያቶች ስር «ለቅሶ» የሚል አራተኛ ተጨምሯል፤ እሱን አስጨምሬያለሁ። ለሌላ ክፍል ይጠቅም ይሆናል።

ሰዎች ለምን በየቤታቸው አይገናኙም ይሉኛል። አይሆንም። የኛ ሰው ደጅ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም፤ ሽማግሌዎቹም የልጅ ቤት፣ የምራት ቤት ነው የሚኖሩት፤ በየቀኑ አሥር እንግዳ ይዘው ሊገቡባት? ያፍራሉ። ደጅ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሞከሩ፤ ፀሐዩና ዝናቡ ለእድሜያቸው አልሆነም። ቀስ በቀስ ቀሩ። አባቴ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ፊቱ ይቀመጣሉ። ስደውል «ደህና ነኝ» ይላሉ። ምግቡ እንደገና በሳህኑ ላይ መድረቅ ጀምሯል። በየሳምንቱ ሁለት ቀን እሄዳለሁ፤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ የማወራው አጣለሁ። ስለ በቅሎ የማውቀው የለኝም።

ማንም ሳያፍር፣ ማንንም ሳያስቸግር የሚገባበት ቤት የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የለቅሶ ቤት። እዚያ ወንበሩ ይደረደራል፤ ሁሉም ይመጣል፤ ሰባት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ናቸው። ክፍሉ ከተዘጋ ወዲህ እሳቸው አይደውሉም። ልጄ እንደምን አለሽ፣ ልጆቹስ፣ ባልሽስ፣ ሥራው እንዴት ነው እያሉ እንደ ድሮው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ድምፃቸው ሞቅ ብሎ ነበር፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ አለኝ፤ ገና ደስ እያለኝ ሳለ ገባኝ።

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።